ሰማይ ቀዳዳ አለውን?
በዐቅራብ ከዋክብት አጠገብ ስላለው ባለ ቀለም ደመና የተዘጋጀ ጥናት



ዛሬ ከእኛ መካከል የሰማይን ሥዕል ያላየ ወጣት አይገኝም ለማለት ይቻላል። በቀን መቍጠሪያው፥ በመጽሐፉ ሽፋን፥ በእጅ ስልኩ ገጽ ላይ ቀይ፥ ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ እንደ ጢስ የተጠቀለለ ደመና በከዋክብት ተከቦ ይታያል። ይህን ሥዕል ያየ ሰው ሌሊት ወደ ደጅ ወጥቶ ቀና ሲል ግን የሚያገኘው ጥቁር ሰማይና ነጫጭ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ስለዚህ በጥናት ክፍለ ጊዜያችን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ሥዕሉ ነው ውሸቱ ወይስ ዓይናችን ነው የሚያታልለን? አንዳንዶቻችን ቀለሙን ሰው ቀብቶት ነው ብለን ነገሩን ሁሉ እንንቃለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ የታየውን ሁሉ እንዳለ እንቀበላለን። ሁለቱም ሳይመረምሩ መፍረድ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ አንድ የታወቀ የሰማይ ክፍል መርጠን ቀለማቱን አንድ በአንድ ልንጠይቃቸው አሰብን።

የመረጥነው ቦታ የጊንጥ ቅርጽ ካላቸው፥ በአገራችን በቈየው ስማቸው ዐቅራብ ከሚባሉት ከዋክብት አጠገብ ይገኛል። በጊንጡ ልብ ላይ ያለችው ቀይ ኮከብ አንታሬስ ትባላለች። ከእርሷ በስተ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብላ በዓይን በጭንቅ የምትታይ ሮ ኦፊዩኪ የምትባል ኮከብ አለች። በዙሪያዋ የተዘረጋው ደመናም በስሟ የሮ ኦፊዩኪ ደመና ይባላል። ከእኛ ያለው ርቀት 400 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ብርሃን በአንድ ሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ በአንድ ዓመት 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እንግዲህ ዛሬ ማታ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ብርሃን ከዚያ የተነሣው በዐፄ ሱስንዮስና በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን አካባቢ ነው ማለት ነው። ይህ ርቀት ለእኛ እጅግ ብዙ ቢመስልም በሰማይ መለኪያ ቅርብ ጎረቤት ነው። ከዋክብት ከሚወለዱባቸው ቦታዎች ሁሉ ለእኛ ከሚቀርቡት አንዱ ይኸው ደመና ነው።

ቀዳዳ የተባለው ቦታ

ስለ ቀለሙ ከመናገራችን በፊት ስለ ጥቁሩ መናገር ይገባናል፤ የታሪኩ መጀመሪያ ጥቁሩ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1785 ዊልያም ኸርሸል ስለ ሰማይ አሠራር ባወጣው ጽሑፍ በጊንጡ አካል ላይ አራት ዲግሪ ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ እንዳለ ገለጠ። አራት ዲግሪ ማለት ስምንት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙት ቦታ ነው። ኸርሸል ከሃኖቨር ወደ እንግሊዝ አገር የመጣ ሙዚቀኛ ሲሆን፥ የቴሌስኮፑን መስተዋት በገዛ እጁ እየሞረደና እየወለወለ የሚሠራ፥ እ.ኤ.አ. በ1781 ዩራነስ የተባለውን ዓለም ያገኘ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በፍኖተ ሐሊብ ዳርቻ ከዋክብትን ሲቈጥር ቈይቶ ድንገት ምንም ከሌለበት ቦታ ላይ ደረሰ። የሚናገረውን የምትጽፍለት እኅቱ ካሮላይን ነበረች። ወንድሟ ከረጅም ዝምታ በኋላ በአገሩ ቋንቋ በጀርመንኛ፥ ሰማይ በእውነት ቀዳዳ አለው ብሎ ሲጮኽ መስማቷን ከብዙ ዘመን በኋላ ተርካለች።

ኸርሸል ምክንያቱንም ለማግኘት ሞክሯል። በቀዳዳው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ እንደ ንብ መንጋ የተሰበሰበ፥ ዛሬ ኤም 80 የምንለው የከዋክብት ክምችት ይታያል። እነዚህ ከዋክብት ከዚያ ቦታ ወደ አንድ ተሰብስበው ስፍራውን ባዶ ትተውት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ግምቱ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ኤም 80 ከእኛ ከ30,000 የብርሃን ዓመት የማያንስ ርቀት አለው፥ ደመናው ደግሞ 400 ብቻ። ሁለቱ አይተዋወቁም። ሰማይ ጥልቀቱን ስለማያሳይ ቅርቡና ሩቁ በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ፤ ትልቁንም ሊቅ ያሳሳተው ይኸው ነው። ደግሞም ከእንግሊዝ አገር ሆኖ ሲታይ ይህ ቦታ ከአድማሱ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፥ ኸርሸል ያየው በወፍራም አየርና በጭጋግ ውስጥ መሆኑን ልብ እንበል።

ካሮላይን ግን ነገሩን አልረሳችውም። ወንድሟ ካረፈ በኋላ የእርሱ ልጅ ጆን ኸርሸል ደቡባዊውን ሰማይ ለመመርመር ወደ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ለመሄድ ሲዘጋጅ፥ እ.ኤ.አ. በ1833 የ83 ዓመት ባልቴት ሆና ሳለ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ የጊንጡን አካል ደኅና አድርጎ እንዲመለከትላት አደራ አለችው። ጆንም ከዚያ ሆኖ በጊንጡ ውስጥ ብዙ የሚያምሩ የከዋክብት ክምችቶች ማግኘቱን ጻፈላት። አክስቲቱ በመልሱ አልረካችም። እርሷ የጠየቀችው ስለ ክምችት አልነበረም፥ ስለ ባዶው ቦታ ነበር እንጂ፤ ይህንኑም መልሳ ጽፋለታለች። እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ከሦስቱ ሁሉ ይልቅ የወደድነው የእርሷን አስተያየት ነው። ሰው ሁሉ የሚያበራውን ሲከተል እርሷ በጨለማው ላይ ጥያቄዋን አልተወችም። ነገር ግን መልሱን ሳታውቅ እ.ኤ.አ. በ1848 በ97 ዓመቷ ዐረፈች።

መልሱን ያቀረበው ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ነው። ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1857 በአሜሪካ አገር በናሽቪል ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ አባቱ እርሱ ሳይወለድ ሞቷል። ትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚያጐላው መሣሪያ በፀሐይ ብርሃን ይሠራ ስለ ነበር፥ የልጁ ሥራ ቀኑን ሙሉ መሣሪያው ፀሐይን እንዳይስት እያዞረ መከተል ነበር። በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ካሜራን በከዋክብት ላይ ሳያወላውል የሚይዝ ሰው የሆነው ከዚያ ጀምሮ ነው ብንል የተጋነነ አይሆንም።

ባርናርድ በዊስኮንሲን በሚገኘው የየርክስ የከዋክብት ማያ ቤት ይሠራ ነበር። የዐቅራብ ክፍል ከዚያ ሲታይ ዝቅ ስለሚል፥ እ.ኤ.አ. በ1905 ካሜራውን በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ወደ ዊልሰን ተራራ ወስዶ ሰማዩን ለብዙ ሰዓት እየተከተለ ፎቶግራፍ አነሣ። በፎቶግራፉ ላይ የሮ ኦፊዩኪ ደመና ከዚያ በፊት ማንም በዓይኑ ባላየው መልክ ወጣ። በከዋክብቱ ዙሪያ ብሩኅ ጭጋግ ይታያል፤ ከእርሱም ረጃጅም ጥቁር መንገዶች ወደ ምሥራቅ ይወጣሉ። ባርናርድ ራሱ ለብዙ ዓመታት እነዚህን ጥቁሮች ባዶ ቦታ ወይም ቀዳዳ አድርጎ ይቈጥራቸው ነበር። ኋላ ግን ሐሳቡን ቀስ በቀስ ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1913 በአንድ ጨረቃ በሌለበት የበጋ ሌሊት ፎቶግራፍ ሲያነሣ ጥቃቅን የምድራችን ደመናዎች በፍኖተ ሐሊብ ፊት ሲያልፉ ተመለከተ። ቀን ነጭ ሆነው የምናውቃቸው ደመናዎች በከዋክብቱ ብርሃን ላይ እንደ ቀለም ጠብታ ጠቍረው ታዩት። ቀዳዳ ይመስላሉ፥ ነገር ግን ደመና መሆናቸውን ማንም ያውቃል። በሩቁ ሰማይ ያሉትም እንዲሁ ቢሆኑስ? እ.ኤ.አ. በ1919 የ182 ጥቁር ቦታዎችን ዝርዝር አሳተመ፤ ብዙዎቹም ብርሃን የሚከለክሉ ነገሮች መሆናቸውን አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ ሮበርት ትራምፕለር የከዋክብትን ክምችቶች ርቀትና ድምቀት አነጻጽሮ፥ በከዋክብት መካከል ባለው ቦታ ሁሉ ብርሃንን የሚያደበዝዝ ትቢያ መኖሩን አስረዳ።

እንግዲህ ቀዳዳው ቀዳዳ አልነበረም። በዚያ አካባቢ ካለው ሰማይ ሁሉ ይልቅ የሞላው ስፍራ ጥቁሩ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩን ለማስተዋል በጣርማ በር ጉም ውስጥ ያለፈ ሰው አይቸገርም። በጉም ውስጥ እጃችን ይታየናል፥ አጠገባችን ያለው ሰውም ይታየናል፤ መቶ እርምጃ የራቀው ዛፍ ግን የለም። ጉሙ በእያንዳንዱ ክንድ ቦታ ላይ እጅግ ስስ ነው፤ ርቀቱ ሲደራረብ ግን ግድግዳ ይሆናል። የሮ ኦፊዩኪ ደመናም እንደዚሁ ነው። የምንተነፍሰው አየር በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ውስጥ 27 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን የሚያህል ሞለኪውል አለው። በደመናው ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ግን በዚያው ቦታ የሚገኘው ከአሥር ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በምድር ላይ ይህን ያህል ባዶ የሆነ ጠርሙስ ቢገኝ ምንም የለበትም እንላለን። ሆኖም ደመናው በብርሃን ዓመት የሚለካ ውፍረት ስላለው፥ ከበስተኋላው ያሉትን ከዋክብት ፈጽሞ ይሸፍናቸዋል።

ቀለማቱ ከየት መጡ?

ኔቡላ የሚለው ቃል በላቲን ጉም ወይም ደመና ማለት ነው። በሮ ኦፊዩኪ አካባቢ አራት ዓይነት ኔቡላ ጎን ለጎን ስለሚታይ፥ ቀለምን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። እነርሱም ሰማያዊው፥ ቀዩ፥ ቢጫውና ጥቁሩ ናቸው።

ሰማያዊው በራሷ በሮ ኦፊዩኪ ዙሪያ ያለው ነው። ይህ ደመና የራሱ ብርሃን የለውም፤ የኮከቢቱን ብርሃን ተቀብሎ የሚበትን ትቢያ ነው። ትቢያ ስንል የመንገድ አቧራ አይምሰለን። እያንዳንዷ ቅንጣት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ያህል ስለ ሆነች ወደ ጥቀርሻና ወደ ጢስ የምትቀርብ ናት፤ ከፊሏ ከአሸዋ ጋር የሚዛመድ ድንጋያማ ነገር፥ ከፊሏም ካርቦን ነው። እንዲህ ያለች ደቃቅ ቅንጣት ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጣ ትበትናለች። ይህን ሁላችንም በዓይናችን አይተነዋል። በቤተ ክርስቲያን መስኮት የፀሐይ ጨረር ሲገባና የዕጣን ጢስ በጨረሩ ውስጥ ሲያልፍ ጢሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያንኑ ጢስ በፀሐይና በዓይናችን መካከል አድርገን ስንመለከት ግን ፀሐይቱ ቡናማ ወይም ቀላ ያለች ትመስላለች፤ ሰማያዊው ወደ ጎን ተበትኖ ቀዩ ብቻ አልፎ ይደርሰናልና። በሰማይም እንዲሁ ሆኖ፥ ከትቢያው ጎን ስንሆን ሰማያዊ፥ ከትቢያው ኋላ ያለውን ኮከብ ስንመለከት ቀላ ያለ እናያለን። ቬስቶ ስላይፈር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 ሰባቱ ከዋክብት በሚባሉት ዙሪያ ያለውን ሰማያዊ ጭጋግ በመስተዋት ከፍሎ ሲመረምር፥ ብርሃኑ የከዋክብቱን ብርሃን በፍጹም የሚመስል ሆኖ አገኘው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሮ ኦፊዩኪውም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ።

ቀዩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ በእውነት ራሱ ያበራል። በዚሁ አካባቢ ሲግማ ስኮርፒ የምትባል እጅግ የጋለች ኮከብ አለች። ከእርሷ የሚወጣው በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን በዙሪያዋ ያለውን የሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮኑን ያስጥለዋል። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ወደ ቦታው ሲወርድ የተቀበለውን ኃይል በብርሃን መልክ ይተፋዋል፤ ከዚህም ዋናው የተወሰነ ቀይ ነው። በቡታጋዝ ላይ የተጣደ ወጥ ገንፍሎ በሰማያዊው ነበልባል ላይ ሲፈስስ ነበልባሉ ወዲያው ቢጫ እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉ። ይህ የሚሆነው በወጡ ውስጥ ባለው ጨው ምክንያት ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲግል የሚሰጠው ቀለም ያ ቢጫ ነውና። እያንዳንዱ ነገር እንዲህ የራሱ ቀለም አለው፤ በቀለሙም ይታወቃል። ዊልያም ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1864 የአንድን ኔቡላ ብርሃን ከፍሎ ሲመለከት ጥቂት ብሩኅ መስመሮች ብቻ በማግኘቱ፥ ኔቡላው የከዋክብት ስብስብ ሳይሆን የጋለ ጋዝ መሆኑን ያወቀው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ከቀለሙ አንዱ እንኳ ጌጥ አይደለም። በ400 የብርሃን ዓመት ርቀት ያለውን ነገር ሳንነካው ምን እንደ ሆነ የምናውቀው በእርሱ ነው።

ስለ ቢጫው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአንታሬስ ዙሪያ ያለ ትቢያ የእርሷን ብርሃን ሲበትን ነው፤ ኮከቢቱ ራሷ ቀይ ስለ ሆነች የሚበትነው ብርሃን ሰማያዊ ሊሆን አልቻለም። አንታሬስ ግን ልትጠቀስ የሚገባት ኮከብ ናት። ወርዷ የፀሐያችንን ወርድ 700 ጊዜ ያህል ስለሚያጥፍ፥ በፀሐያችን ቦታ ብትሆን ምድርንም ማርስንም በውጧ ታስቀር ነበር። አርጅታ ልትፈጽም የተቃረበች ስለ ሆነች ገላዋን እንደ ጢስ ወደ ውጭ ታፈሳለች፤ የምትጥለውም ነገር ሲቀዘቅዝ ትቢያ ይሆናል።

አራተኛው ጥቁሩ ነው። ከዋክብት የሚወለዱት ባማረው በሰማያዊው ወይም በቀዩ ውስጥ ሳይሆን በዚህ በጥቁሩ ውስጥ ነው። ምክንያቱም ኮከብ ለመሆን ጋዝ በራሱ ስበት ወደ ውስጥ መሰብሰብ አለበት፤ ሙቀት ግን ጋዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ብርድ ያስፈልጋል። ትቢያው የአካባቢውን ከዋክብት ብርሃን ስለሚከለክል በውስጡ ያለው ጋዝ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ድረስ ይቀዘቅዛል። የሃይድሮጅን አቶሞችም ሁለት ሁለት ሆነው ሞለኪውል የሚሆኑት በትቢያዋ ቅንጣት ፊት ላይ ተገናኝተው ነው፤ ያለ እርሷ በዚያ ስስ ቦታ እርስ በርሳቸው ተገናኝተው መጣመር እጅግ ይቸግራቸዋል። ክብደት ሲታይ ትቢያው ከደመናው መቶኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። እንደ እርሾ ጥቂት ሆኖ ብዙውን ይለውጣል።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ጋዙ እየተሰበሰበ፥ እየጠበበ፥ እየጋለ ይሄዳል። ሲጠብም ይሽከረከራል፤ በመካከል ሕፃን ኮከብ፥ በዙሪያዋም እንደ ሰፌድ የተዘረጋ የትቢያና የጋዝ ዝርግ ይሆናል። ዓለማት የሚሠሩት ከዚህ ዝርግ ነው። ፀሐያችን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ሲኖራት፥ በሮ ኦፊዩኪ ካሉት ከዋክብት ብዙዎቹ ገና አንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በቺሊ አገር በሚገኘው አልማ በተባለው የሬድዮ ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ሊቃውንት በዚሁ ደመና ውስጥ ባለች አንዲት ሕፃን ኮከብ ዙሪያ ተራ የሆነ የስኳር ዓይነት ሞለኪውል አግኝተዋል። ቀዳዳ በተባለው ቦታ ስኳር ተገኘ!

ሥዕሉን እንመን ወይስ አንመን?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንምጣ። ቀለሙ ይህን ያህል እውነተኛ ከሆነ ለምን አይታየንም?

አንደኛው ምክንያት በራሳችን ዓይን ነው። ዓይናችን ለቀን አንድ፥ ለሌሊት ሌላ መሣሪያ አለው፤ የሌሊቱ መሣሪያ ጥቂት ብርሃን ይበቃዋል፥ ቀለም ግን አይለይም። ጨለም ሲል ቀይ ቀሚስና አረንጓዴ ቀሚስ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው መታየታቸው ስለዚህ ነው። ካሜራ ግን ብርሃኑን ለሰዓታት ያጠራቅማል፤ በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ እየለየ ከወሰደ በኋላ ሦስቱ አንድ ላይ ይደረጋሉ። ስለዚህ እንዲህ ተነሥቶ ያልተጋነነው ሥዕል ውሸት አይደለም፤ ከዓይናችን የተሻለ ምስክር ነው። ብዙ ሰው፥ በመንኰራኵር ተጭነን ወደ ደመናው ብንቀርብ ቀለሙን እንደ ሥዕሉ እናየዋለን ብሎ ያስባል። ይህ ግን አይሆንም። በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ሲቀርቡት ይሰፋል እንጂ አይደምቅም። ደመናውም ብንቀርበው ሰማዩን ሁሉ ይሞላ ነበር እንጂ ከድብዛዜው አይወጣም፤ ምናልባት ደመና ውስጥ መግባታችንን እንኳ ሳናውቅ እናልፍ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ዓይናችን ፈጽሞ የማያየው ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የሚባል ብርሃን አለ። ይህ ብርሃን ሞገዱ ረጅም ስለ ሆነ ትቢያውን አልፎ ይወጣል። በእባብ ያዡ ከዋክብት ውስጥ ባርናርድ 68 የሚባል ግማሽ የብርሃን ዓመት ያህል ስፋት ያለው ጥቁር ደመና አለ። በሚታየው ብርሃን ሲነሣ አንድ ኮከብ የሌለበት ጕድጓድ ይመስላል፤ በኢንፍራሬድ ሲነሣ ግን ከበስተኋላው ያሉት ከዋክብት በደመናው ውስጥ አልፈው ይቈጠራሉ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2021 የተተኰሰው የጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕም በዚሁ ብርሃን የሚያይ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ሥራው ሲከበር፥ እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2023 የወጣው ሥዕል የሮ ኦፊዩኪ ደመና ነበር። በዚያ ሥዕል 50 ያህል ሕፃናት ከዋክብት ይታያሉ፤ አብዛኞቹ ፀሐያችንን የሚያህሉ ወይም ከእርሷ የሚያንሱ ናቸው። ከአንዳንዶቹ ግራና ቀኝ ቀይ የጋዝ ፈሳሽ ተተፍቶ ይታያል። በታችም ኤስ 1 የምትባል ከሌሎቹ የከበደች ኮከብ ደመናውን ከውስጥ እየገፋች ዋሻ አስመስላዋለች።

ታዲያ ለዓይን የማይታይ ብርሃን እንዴት ቀይና ሰማያዊ ሆነ? እነዚህ ቀለማት የተሰጡ ናቸው። ረጅሙ ሞገድ ቀይ፥ አጭሩ ሰማያዊ ተደርጎ ይሰጣል። እኛ ይህን ከትርጕም ጋር እናመሳስለዋለን። የግዕዝ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ሲተረጐም ድምፁ ሌላ ይሆናል፤ ተርጓሚው የታመነ ከሆነ ግን ነገሩ አይጠፋም፥ በመጽሐፉ መግቢያም መተርጐሙን ይነግረናል። ሥዕሉም እንዲሁ በየትኛው ማጣሪያ እንደ ተነሣና የትኛው ቀለም ለየትኛው ሞገድ እንደ ተሰጠ ከተነገረን ውሸት የለበትም። የምንነቅፈው ይህን ሳይነግሩ ቀለሙን ለማድመቅ ብቻ የሚያጋንኑትን ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል ብዙ ነው፤ ለሽያጭ የተዘጋጀው ሁሉ ማለት ይቻላል ጥቂት ተጋንኗል።

በዘመናችን ደግሞ ኮምፒውተር ከቶ ያልነበረ ሰማይ ሥሎ ማቅረብ ስለ ቻለ ጥንቃቄው በረታ። እኛ ራሳችን በጥናታችን ስንከተል የቈየነው ቀላል መንገድ አለ። የቦታው ስምና ያነሣው ቴሌስኮፕ ተጽፏልን? ብለን እንጠይቃለን። ከዚያም ያንኑ ቦታ ሌላ ሰው ያነሣውን ሥዕል ፈልገን ከዋክብቱን እናስተያያለን። ቀለሙ በየሰዉ ሊለያይ ይችላል፤ ከዋክብቱ ግን ቦታቸውን አይለቁም። ሮ ኦፊዩኪ ነው የተባለ ሥዕል ሲቀርብልን ቢጫ ጭጋግ የለበሰችውን አንታሬስን፥ በስተ ምዕራብ አጠገቧም ኤም 4 የተባለውን ክብ የከዋክብት ክምችት እንፈልጋለን። ኤም 4 ከደመናው ጋር ግንኙነት የለውም፤ 6,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ከኋላ ያለ ነው። እነዚህ በቦታቸው ካልተገኙ ሥዕሉ ያማረ ቢሆንም የዚያ ቦታ አይደለም።

ቦታውን ራሱን ለማየት የሚፈልግ ወንድም ወይም እኅት ከኸርሸል ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ከአገራችን ሲታይ ዐቅራብ ከአድማሱ እኩሌታ በላይ ከፍ ይላል። ችግሩ በሰኔና በሐምሌ ጥሩ ቦታ ላይ ሲሆን የእኛው ዝናም ደመና ይሸፍነዋል። ስለዚህ በሚያዝያና በግንቦት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ በደቡብ ምሥራቅና በደቡብ በኩል መፈለግ ይሻላል። ከመስቀል በዓል በኋላም ሰማይ ሲጠራ፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ ምዕራብ በኩል ይገኛል። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊትና ከከተማ መብራት የራቀ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ዓይንም ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ስልክ ሳይከፍቱ መቈየት ነው። ቀለሙን በዓይን አናገኘውም፤ የአንታሬስን ቅላት ግን ማንም ይለያል። ከእርሷ በስተ ምሥራቅ ወደ ፍኖተ ሐሊብ የሚሄዱትን ጥቁር መንገዶች ሰማዩ ከጠራ በዓይን መከተል ይቻላል። የሩቅ መነጽር ያለው ሰው ደግሞ በአንታሬስ አጠገብ ኤም 4ን እንደ ትንሽ የጭስ ነጥብ ያገኘዋል። በኅዳር ፀሐይ በዚያ በኩል ስለምታልፍ ምንም አይታይም፤ ከጥር ጀምሮ ግን ጎሕ ሳይቀድ በደቡብ ምሥራቅ ተመልሶ ይወጣል።